ያልጮኹ ካርዶች፦ በኮምቦልቻ አንድ የስፌት ፋብሪካ ለንክኪ አልባ መታወቂያ ፕላስቲክ የተመረጠበት መንገድ

የጉዳዩ አመጣጥ

በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም. በኮምቦልቻ የሚገኝ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ፣ በካኪ ፖስታ የታሸጉ 60 የሠራተኛ መታወቂያዎችን ይዘው የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ መጡ። እኔ ፒያሳ አካባቢ በምትገኝ አነስተኛ የኅትመት ቤት መታወቂያና ማኅተም እሠራለሁ፤ በእነዚያ ካርዶች ላይ ያለውን ፎቶና ስም ያተምኩትም እኔ ነበርኩ። ኃላፊው ካርዶቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፏቸውና «እነዚህ ሁሉ በር ላይ አይጮኹም» አሉኝ። ከካርዶቹ የቆዩት እንኳ ለሠራተኛ ከታደሉ ገና ስምንት ወራቸው ነበር።

ጉዳዩን በጽሑፍ ለማስቀረት የወሰንኩት፣ እኛ አካባቢ ቺፕ ያለው መታወቂያ ሲገዛ ስለ ቺፑ ዓይነት ብዙ ተጠይቆ ስለ ፕላስቲኩ ግን አንድም ቃል የማይነሣበት ልማድ ስላለ ነው። እኔም የዚያ ልማድ ተካፋይ ነበርኩ። ፋብሪካውን፣ ካርዱን ያቀረቡትን ነጋዴዎችና ሠራተኞቹን በስም አልጠቅስም።

ፋብሪካው በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋን በነካ ጊዜ የሰዓት መቆጣጠሪያ መሣሪያዎቹን አጥቶ ነበር። ሥራው ሲቀጥል ለጥቂት ወራት ሠራተኛው በመዝገብ ላይ እየፈረመ ገባ። ቀጥሎ የጣት አሻራ መሣሪያ ተሞከረ፤ ይሁንና ቀኑን ሙሉ ጨርቅ የሚያሻሹ፣ ኖራና መቀስ የሚይዙ ጣቶች አሻራቸው እየደበዘዘ በየማለዳው በር ላይ ረጅም ሰልፍ ይፈጠር ጀመር። ስለዚህ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ ወደ ንክኪ አልባ ካርድ ተዞረ። ሠራተኛው ካርዱን ከማንበቢያው ፊት ያስጠጋል፣ መሣሪያው ይጮኻል፣ ሰዓቱ ይመዘገባል፤ የደመወዝ ስሌቱም ከዚያው መዝገብ ይወጣል።

ችግሩ

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር የችግሩ ሥር ነው። ካርዱ ካልጮኸ ሠራተኛው እንደ ቀሪ ይቆጠራል፤ ቀሪ ከሆነም ከደመወዙ ይቆረጣል። የፈረቃ ተቆጣጣሪው በወረቀት ቢመሰክር እንኳ ማስተካከያው የሚደርሰው በሚቀጥለው ወር ነው። በር ላይ ያገኘኋት አንዲት ወጣት «እኔ ገብቻለሁ፤ የቀረው ካርዴ ነው» ብላ ነገሩን ከእኔ ይልቅ አሳጥራ ገልጻዋለች። ቅሬታው ከበር ወደ ሰው ኃይል አስተዳደር፣ ከዚያም ወደ ግዥ ክፍል ተሻገረ። ግዥ ክፍሉ ነጋዴውን ጠየቀ፤ ነጋዴው «ሠራተኛው አያያዝ አያውቅም» አለ። ፋብሪካውም ሁለተኛ ዙር ካርድ ከሌላ ነጋዴ ገዛ፤ ያኛውም ከአራት ወር በኋላ እንደ መጀመሪያው መሞት ጀመረ።

የግዥ ሰነዱን ለማየት ጠየቅሁ። በመጀመሪያው ፕሮፎርማ ላይ የተጻፈው «ነጭ ስማርት ካርድ፣ 13.56 ሜጋኸርዝ፣ ባለ 1 ኪሎባይት ቺፕ» የሚል ብቻ ነበር። በሁለተኛው ላይ «ፔት» (የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት የፕላስቲክ ዓይነት) የሚል አንድ ቃል ተጨምሯል። በዚያች ቃል የተነሣም ሁለተኛው ካርድ ከፊተኛው በዋጋ ይበልጥ ነበር።

ካርዱ ውስጥ ያለው

ወደ ምርመራው ከመግባቴ በፊት ካርዱ ከምን እንደተሠራ መግለጽ ያስፈልጋል። ከላይ ሲታይ አንድ ወጥ ፕላስቲክ የሚመስለው ካርድ እንደ ጋቢ ድርብርብ ነው። ርዝመቱ 85.60 ሚሊ ሜትር፣ ወርዱ 53.98 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ዓለም አቀፉ መስፈርት ይወስናል፤ በውፍረቱ ላይ የሚፈቀደው ልዩነት ከ0.08 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በዚህች ስስ አካል ውስጥ መሐል ላይ አንቴናና ቺፕ የያዘ ገበር አለ፤ ከላይና ከታቹ ነጭ ንብርብሮች፣ ከእነርሱ ላይ ደግሞ ኅትመት የሚቀበል ስስ ሽፋን ተደርበው፣ ሁሉም በሙቀትና በግፊት አንድ ላይ ይጣበቃሉ።

ካርዱ ባትሪ የለውም። ማንበቢያው የሚያመነጨው መግነጢሳዊ መስክ በአንቴናው ጥምጥም ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ቺፑም በዚያች ጉልበት ተነቅቶ ቁጥሩን ይመልሳል። የዚህ ዓይነት ካርድ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከሚደርስ ርቀት እንዲነበብ የታሰበ ነው። አንቴናው በአንድ ቦታ እንኳ ከተቆረጠ ወይም ከቺፑ ጋር የተያያዘበት ነጥብ ከላላ፣ ፎቶው አምሮ ስሙ ተነብቦ ካርዱ ግን ባዶ ፕላስቲክ ይሆናል።

እንግዲህ ለንክኪ አልባ ካርድ ፕላስቲክ ሲመረጥ የሚፈለገው መልክን መያዙ ብቻ አይደለም። ያ ፕላስቲክ በውስጡ ያለችውን የአንቴናና የቺፕ መጋጠሚያ ከመታጠፍ፣ ከሙቀትና ከመቆረጥ ምን ያህል ይጠብቃል የሚለው ጥያቄ ይቀድማል።

የመጀመሪያው ሐሳቤ እና ስህተቱ

ከ60ዎቹ ካርዶች መካከል ጥቂቶቹ እንደ ቆሎ መቁያ ጎበጥ ብለው ነበር። እነርሱን አይቼ ወዲያው ፈረድኩ፤ «ሙቀት ነው» አልኩ። ኮምቦልቻ ከደሴ በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ፋብሪካው የእንፋሎት ካውያ ክፍል አለው፤ አንዳንዱ ሠራተኛ ደግሞ ከሐርቡና ከባቲ መስመር ይመጣል። በብዙ ካርድ ላይ የሚሠራበት ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ ፖሊካርቦኔት የተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ግን እስከ 147 ዲግሪ አካባቢ ቅርጹን ይይዛል። ጀርመን ከኅዳር 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምትሰጠው ለዐሥር ዓመት የሚያገለግል ንክኪ አልባ ቺፕ ያለው መታወቂያ ከፖሊካርቦኔት የተሠራ መሆኑንም አውቅ ነበር። ይህን ሁሉ ደርድሬ ፋብሪካው ፖሊካርቦኔት እንዲገዛ መከርኩ፤ ለሙከራም 50 ካርድ በአዲስ አበባ በኩል ተገኘ።

ስህተቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ታየ። አንደኛ፣ የእኔ ማተሚያ ቀለምን በሙቀት ወደ ካርዱ ገጽ የሚያሰርጽ ዓይነት ነው፤ እንዲህ ያለው ማተሚያ የሚስማማው ከፒቪሲ ገጽ ጋር ነው፤ በፖሊካርቦኔቱ ላይ ግን ቀለሙ ገርጥቶ ወጣ፣ በጥፍር ሲፋቅም ተነሣ። ፖሊካርቦኔት በተለምዶ የሚጻፍበት በሌዘር ነው፤ አለዚያም ምስሉን በመጀመሪያ በስስ ሽፋን ላይ አትሞ ሽፋኑን በካርዱ ላይ የሚለጥፍ ሌላ ዓይነት ማተሚያ ይፈልጋል። እኔ ሁለቱም የሉኝም። ሁለተኛውን ስህተት የበለጠ አፍርበታለሁ። በስፌት ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ላይ የተንጠባጠበ ዘይትና ቆሻሻ በሚረጭ ፈሳሽ ይነሣል፤ ፖሊካርቦኔት ደግሞ ለምት እጅግ ጠንካራ ሆኖ ሳለ እንዲህ ያሉ ፈሳሾች ሲነኩትና ውጥረት ያለበት ቦታ ሲኖረው ይሰነጠቃል። ቆሻሻ ማንሻው ክፍል ከተሰጡት ካርዶች ሦስቱ ከማንጠልጠያ ቀዳዳቸው ማዕዘን ጀምሮ ተሰነጠቁ።

በዚያን ጊዜ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ ሰው፣ «የሞቱትን ሳትከፍት ነው እንዴ መድኃኒት ያዘዝከው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ወደ ካኪው ፖስታ ተመለስኩ።

የሞቱትን መክፈት

መጀመሪያ 60ዎቹንም በጠረጴዛ ማንበቢያ ላይ አንድ በአንድ አስነካኋቸው። 11ዱ ያለ ምንም ችግር ጮኹ። በር ላይ የማይጮኹ ካርዶች ጠረጴዛ ላይ የጮኹት ለምን እንደሆነ ለማየት ፋብሪካው ድረስ ወረድኩ። የበሩ ማንበቢያ በቀጥታ በብረት ምሰሶ ላይ ተበይዶ በተሠራ ሰሌዳ ላይ ታስሯል። ብረት ከጀርባው ሲጠጋው የማንበቢያው መስክ ይዳከማል፣ የተቃኘበትም የሬዲዮ ድግግሞሽ ይዛባል፤ ስለዚህ የማንበቢያው ርቀት ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም ነበር። በዚያ ላይ ብዙ ሠራተኛ ካርዱን ከስልኩ ጀርባ በሽፋኑ ውስጥ ይይዛል፤ የስልኩ የብረት አካልም እንዲሁ ይከልለዋል። በማንበቢያውና በምሰሶው መካከል 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ አስገባን። አናጢው የወሰደው ግማሽ ቀን ነው፤ 11ዱ ካርዶችም «ትንሣኤ አገኙ»።

የቀሩትን 49 ካርዶች በጨለማ ክፍል በኃይለኛ የእጅ ባትሪ ፊት ይዤ አየኋቸው። ነጭ ፕላስቲክ ብርሃን ትንሽ ስለሚያሳልፍ የአንቴናው ጥላ ይታያል። በዚህ ብቻ 19 ካርዶች ምስጢራቸውን አወጡ። አንቴናው በካርዱ ዳር ዳር ዙሪያውን የሚሄድ ሲሆን፣ የአንገት ማንጠልጠያ ማስገቢያ ቀዳዳው በአጭሩ ጎን ሲበሳ ጥምጥሙን ቆርጦታል። ቀዳዳውን የበሳው ማን ነው? አብዛኛውን ሠራተኛው ራሱ በፋብሪካው የቀበቶ መብሻ በስቶታል፤ አራቱን ግን እኔ ነኝ የበሳሁት፤ ደንበኛው ሲጠይቀኝ እንደ ተራ የፕላስቲክ መታወቂያ ቆጥሬ። በሳሁ ጊዜ ካርዱ ይሠራ እንደሆነ አላየሁም።

የቀሩት 30 ካርዶች ቀዳዳ የላቸውም፤ ወይም ቀዳዳቸው አንቴናውን አልነካም። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ትንሽ ጎበጥ ሲደረጉ ይጮኹና ሲለቀቁ ዝም ይላሉ። ይህ የመጋጠሚያ መላላት ምልክት ነው፤ ስንጥቁ ሲገጥም ኤሌክትሪኩ ያልፋል፣ ሲከፈት ይቋረጣል። ለማረጋገጥ ስድስቱን በአሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ፈሳሽ) በብርጭቆ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ ከቤት ውጭ ከእሳት አርቄ አስቀመጥኳቸው። ፒቪሲ በአሴቶን ውስጥ ያብጣል፣ ንብርብሮቹም ይላቀቃሉ፤ አንቴናው ያለበት ስስ ገበር ግን ሳይሟሟ ይቀራል። ከሰዓታት በኋላ ንብርብሮቹን ስገልጥ በመጀመሪያው ዙር ካርድ ውስጥ ያገኘሁት አንቴና በስስ የፕላስቲክ ወረቀት ላይ የተቀረጸ የአሉሚኒየም መስመር ነበር፤ ቺፑም በማጣበቂያ ብቻ ተለጥፎበታል። በስድስቱም የተላቀቀው ቺፑ ከመስመሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው።

ሁለተኛው ዙር ካርድ ላይ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነበረኝ፤ «ፔት» የተባለው በእርግጥ ፔት ነውን? ይህን የሚለይ አሮጌና ቀላል ዘዴ አለ። የመዳብ ሽቦ በጋዝ ነበልባል ላይ ቀልቶ በፕላስቲኩ ላይ ይጫንና ተመልሶ ነበልባሉ ላይ ይያዛል። በፕላስቲኩ ውስጥ ክሎሪን ካለ ነበልባሉ አረንጓዴ ይሆናል፤ ፒቪሲ ክሎሪን አለው፣ ፔት የለውም። ጢሱ ጎጂ ስለሆነ በር ላይ ቆሜ አደረግሁት። ነበልባሉ አረንጓዴ ሆነ፤ ካርዱን በቢላ ሰንጥቄ የመሐል ንብርብሩን ብሞክርም ያው አረንጓዴ ነው። ፋብሪካው ለአንድ ቃል ገንዘብ ከፍሎ ነበር ማለት ነው። ነጋዴው ሲጠየቅ «የላኩልኝ እንደዚያ ብለው ነው» አለ፤ ውሸቱ ከየት እንደጀመረ ልናውቅ አልቻልንም፤ ገንዘቡም አልተመለሰም።

በመጨረሻ የ60ው ካርድ ሒሳብ እንዲህ ሆነ፤ 11 ደኅና፣ 19 በቀዳዳ የተቆረጡ፣ 17 በመታጠፍ መጋጠሚያቸው የላላ፣ 9 በሙቀት የጎበጡ፣ 4 ቺፓቸው ምክንያቱ ሳይታወቅ የሞተ። እኔ በሙሉ ልብ የፈረድኩበት ሙቀት ከ60 ዘጠኙን ብቻ ነው የገደለው።

ካርዱ የሚኖርበትን ማየት

17ቱ ካርዶች የታጠፉት የትና እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ቀን በፋብሪካው ውስጥ ቆየሁ። ይህ ከምርመራው ሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ ክፍል ነው።

ወንዶቹ ካርዱን በሱሪያቸው የኋላ ኪስ ይዘው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። በመቁረጫ ክፍል ካርዱ እንደ ማስመሪያ ሆኖ ያገለግላል፤ በጠርዙ ኖራ ይሰመርበታል፣ የጨርቅ እጥፋትም ይጫንበታል። ከሴቶቹ ብዙዎቹ ካርዱን በጉያቸው፣ አለዚያም ከገንዘብ ጋር በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ይይዙታል። አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ ሠራተኛን «እትዬ፣ ካርዱን እንዴት ነው የሚይዙት?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «አብሽር ልጄ፣ እኔስ ከገንዘቤ ጋር ቋጥሬ ነው የምይዘው፤ ከዚህ በላይ ምን ልጠንቀቅለት?» አሉኝ። ቋጠሮው ሲጠብቅ ካርዱ እንደ ቅጠል ይጠቀለላል። ነጋዴው «አያያዝ አያውቁም» ያለው ስለ እነዚህ ሰዎች ነው፤ እርሳቸው ግን ካርዱን ከሚያከብሩት ነገር ሁሉ ጋር አስቀምጠውታል። ጥፋቱ በዚህ ዓይነት ኑሮ ውስጥ እንደሚገባ ሳናስብ ካርዱን በመረጥነው በእኛ ላይ ነው።

በካውያ ክፍል ያለው ነገር አጭር ነው፤ ካርዱ በመተኮሻው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ይቀመጥና እንፋሎቱ ያገኘዋል። ከባጃጅ ሾፌሮች ጋር የሚመጡ ሁለት ሰዎች ደግሞ ካርዳቸውን በመስታወቱ ሥር ፀሐይ ላይ ይተዉታል፤ በዝግ ተሽከርካሪ ውስጥ ፀሐይ የሚመታው ቦታ 70 ዲግሪን ሊያልፍ ይችላል።

በካርዱ ማኅደር ላይም አንድ ነገር ተገኘ። ከገበያ የሚገዛው ለስላሳ ግልጽ ማኅደር ራሱ ማለስለሻ የተጨመረበት ፒቪሲ ነው፤ ማለስለሻው ቀስ በቀስ ወደ ካርዱ ገጽ ይሻገርና የታተመውን ቀለም ይነቅለዋል። የደበዘዙ ፎቶዎች ሁሉ በእንዲህ ያለ ማኅደር የኖሩ ካርዶች ላይ ነበሩ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ጥፋቱን በቀለሜ ላይ ስፈርድ ነበር።

አማራጮቹን መፈተን

ከዚህ በኋላ አምስት ዓይነት ናሙና ሰበሰብን፤ ተራ ፒቪሲ፣ ፔትጂ፣ ከላይና ከታች ፒቪሲ ሆኖ መሐሉ ፔት የሆነ ድብልቅ ካርድ፣ ፖሊካርቦኔት፣ እንዲሁም ኤቢኤስ ከተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ የተቀረጸ የቁልፍ ማንጠልጠያ ዓይነት።

በፔትና በፔትጂ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በፕሮፎርማ ላይ የሚለዩት በአንድ ፊደል ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ካርድ ላይ የሚውለው የተወጠረ ፔት ክሪስታል የሚሠራ (ቅንጣቶቹ በሥርዓት የሚደረደሩ) በመሆኑ በሙቀት ቅርጹን ይይዛል፣ ለመታጠፍም ይቋቋማል። ፔትጂ ግን ክሪስታል እንዳይሠራ ተደርጎ የተቀመመ ነው፤ የሚለሰልሰውም እንደ ፒቪሲ 80 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክሎሪን የለውም፣ ኅትመትም ይቀበላል፤ ለሙቀት ብሎ ፔትጂ የሚገዛ ሰው ግን ያተረፈው ነገር የለም።

ፈተናው በእጅ የተሠራ ነው። ዓለም አቀፉ የካርድ መፈተኛ መስፈርት ካርዱ በረጅሙ ጎን 20 ሚሊ ሜትር፣ በአጭሩ ጎን 10 ሚሊ ሜትር እየጎበጠ በአጠቃላይ 1,000 ጊዜ እንዲታጠፍ ይጠይቃል። አናጢው ካርዱ ከዚያ በላይ እንዳይጎብጥ የሚገታ የእንጨት ማቀፊያ ሠራልን። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ የራሳቸውን ባለ 99 ፍሬ መቁጠሪያ አውጥተው ቆጠሩ፤ ዐሥር ዙርና ዐሥር ፍሬ። ሁለት ከሰዓት በኋላዎች ፈጀ። እንዲህ ያለው ፈተና የላቦራቶሪን ያህል እርግጥ አይደለም፣ ናሙናዎቹን ግን በግልጽ ለያያቸው፤ ቺፑ በማጣበቂያ የተለጠፈበት ተራ ፒቪሲ ቁጥሩ ሳይሞላ ዝም አለ። ድብልቁ ካርድ፣ አንቴናው የመዳብ ሽቦ ሆኖ በብየዳ ከቺፑ ጋር የተያያዘው፣ እስከ መጨረሻው ጮኸ። አስገራሚው ነገር፣ የመዳብ ሽቦ አንቴና ያለው ተራ ፒቪሲም ቁጥሩን ሞላ። በመታጠፍ በኩል ከፕላስቲኩ ስም ይልቅ የአንቴናው መጋጠሚያ ይበልጥ ወሳኝ ነበር ማለት ነው።

ለሙቀት ካርዶቹን በፈላ ውሃ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ጣልናቸው። ኮምቦልቻ ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ በመሆኑ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለእኛ ፈተና ይበቃል። ፒቪሲና ፔትጂ እንደ እርጥብ ቆዳ ለሰለሱ። ድብልቁ ገጹ ቢለሰልስም መሐሉ ያለው ፔት ቅርጹን ያዘው። ፖሊካርቦኔቱና ኤቢኤሱ ምንም አልሆኑም።

ውሳኔው

ለሁሉም ሠራተኛ አንድ ዓይነት ካርድ የመግዛት ሐሳብ ተተወ። ለአብዛኛው ሠራተኛ ድብልቁ ካርድ ተመረጠ፤ ምክንያቱም ገጹ ፒቪሲ ስለሆነ በእኔው ማተሚያ ይታተማል፣ መሐሉ ፔት ስለሆነ ጉብጠትን ይቋቋማል፣ ዋጋውም ከፖሊካርቦኔት በእጅጉ ያንሳል። በግዥ ዝርዝሩ ላይ አራት ነገሮች በግልጽ ተጻፉ፤ የእያንዳንዱ ንብርብር ቁስ፣ የአንቴናው ዓይነትና ከቺፑ ጋር የተያያዘበት መንገድ፣ አንቴናው ካርዱን ሙሉ ሳይዞር በግማሹ ላይ እንዲሆን፣ ማንጠልጠያ ቀዳዳውም ከካርዱ አምራች ዘንድ ተበስቶ እንዲመጣ። ከመረከብ በፊት ከየካርቶኑ ጥቂት ካርድ ተወስዶ በሽቦና በነበልባል እንደሚፈተን በውሉ ላይ ሰፈረ። ይህች አንቀጽ ሁለት ነጋዴዎችን ከውድድሩ አስወጥታለች፤ ያለ እርሷ ከሁለቱ አንዱ በዝቅተኛ ዋጋ ያሸንፍ ነበር።

ለስላሳው ማኅደር ቀርቶ ጠንካራ የፕላስቲክ ማቀፊያ ከካርዱ ጋር አብሮ እንዲሰጥ ተወሰነ። ለካውያና ለማጠቢያ ክፍል ፎቶ የሌለው የኤቢኤስ ማንጠልጠያ፣ የፎቶ መታወቂያው ደግሞ ለብቻው ቺፕ የሌለው ተራ ካርድ ሆነ።

ትዕዛዙ ሊፈረም ሲቃረብ፣ በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሆነ፤ በእጃችን የነበረው ፕሮፎርማም ዋጋ አጣ። በአዲሱ ዋጋ ፋብሪካው ለሁሉም ሠራተኛ በአንድ ጊዜ መግዛት ስላልቻለ፣ የመዳብ አንቴና ያላቸውና ቀዳዳ ያልተበሱ የድሮ ካርዶች በጠንካራው ማቀፊያ ውስጥ ገብተው እንዲቀጥሉ ተደረገ። በፈተናችን ተራው ፒቪሲ ከመዳብ ጋር መቋቋሙን ባናይ ኖሮ እነዚህንም እንጥላቸው ነበር።

የሠራውና ያልሠራው

አዲሶቹ ካርዶች ከታደሉ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ፋብሪካውን ጎበኘሁ። በቀዳዳ የተቆረጠ ካርድ አልተገኘም። በመታጠፍ የሞቱት በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ከማቀፊያቸው ወጥተው የተያዙ ናቸው። የበሩ ጣውላ ዛሬም አለ፤ በክረምት ስላበጠ በቀለም ተቀብቷል። ከለውጡ ሁሉ በጥቂት ገንዘብ ብዙ የሠራው እርሱ ነው።

ጠንካራው ማቀፊያ ግን በሁሉም ዘንድ አልተወደደም። በነጠላ ጫፍ አይቋጠርም፣ በጉያም ይቆረቁራል። ሴቶቹ ካርዱን አውጥተው ማቀፊያውን ለልጆቻቸው የትምህርት ቤት መታወቂያ ሰጡት። ይህን አስቀድመን ልንጠይቃቸው ይገባ ነበር፤ ሁለት ቀን ተመልክቼ አንድ ሰዓት ሳልጠይቅ ነው የቀረሁት። ኋላ ላይ የስፌት ክፍሉ ራሱ ከቁርጥራጭ ጨርቅ፣ መሐሉ ጠንከር ያለ ካርቶን ያለበት የአንገት ኪስ ሰፋ፤ ያ ተወደደ፣ ዋጋውም ክርና ጉልበት ብቻ ነው።

የካውያ ክፍሉ ማንጠልጠያ ሌላ ችግር አመጣ። ፎቶ ስለሌለው አንዱ ለሌላው ይዞለት ይገባ ጀመር። ተቆጣጣሪው አሁን በር ላይ የፎቶውን ካርድ አብሮ ይጠይቃል።

ለሌላ ሥራ የሚሆን

ተመሳሳይ ግዥ ለሚጠብቀው ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል ወይም ማኅበር ከዚህ ጉዳይ የሚተላለፉ ነጥቦች አሉ። የመጀመሪያው፣ የሞተ ካርድ ሳይከፈት አዲስ ቁስ አይመረጥ፤ የእጅ ባትሪ፣ አንድ ብርጭቆ አሴቶንና የመዳብ ሽቦ የያዘ ሰው ከነጋዴው ምላስ የበለጠ ያውቃል። ማንበቢያው የታሰረበትን ቦታ ካርዱ ከመወቀሱ በፊት መመልከትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል።

ሁለተኛው፣ ቁሱ ከማተሚያው ጋር አብሮ ይመረጥ። ድርጅቱ ያለው ማተሚያ የማያትምበት ካርድ ምንም ያህል ቢጠነክር ለዚያ ድርጅት ትክክለኛ ካርድ አይደለም። ፖሊካርቦኔት ለመንግሥት መታወቂያ ተስማሚ የሆነው የሌዘር መሣሪያና የዐሥር ዓመት ዕቅድ ስላለ ነው፤ ሠራተኛው በዓመት በሁለት ዓመት ለሚለዋወጥበት ፋብሪካ ያ ዕድሜ ባዶ ወጪ ነው።

ሦስተኛው፣ «ፒቪሲ» ወይም «ፔት» የሚል አንድ ቃል የግዥ ዝርዝር አይሆንም። ገጹ ምን ነው፣ መሐሉ ምን ነው፣ አንቴናው ከምን ተሠርቶ በምን ተያያዘ የሚሉት ተለይተው ይጻፉ፤ ናሙናም ገዥው ራሱ አጥፎ፣ ቀቅሎ፣ አቃጥሎ ይይ። ቀዳዳ የሚያስፈልግ ከሆነ ከትዕዛዙ በፊት ይነገር። እኔ አሁን ደንበኛ ቀዳዳ ሲጠይቀኝ ካርዱን መጀመሪያ በብርሃን አያለሁ፤ ከበሳሁ በኋላም በደንበኛው ፊት በማንበቢያ አስነካዋለሁ።

ምክንያታቸው ያልታወቀው አራቱ ካርዶች አሁንም በመሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። አንቴናቸው ሙሉ ነው፣ መጋጠሚያቸው አልላላም፣ አልጎበጡም። ሦስቱ የአንድ ክፍል፣ ያውም በማሽን ጥገና የሚሠሩ ሰዎች መሆናቸውን ያየሁት ዘግይቶ ነው፤ በሚቀጥለው ጉዞዬ ካርዳቸውን የት እንደሚያኖሩት እጠይቃቸዋለሁ።